ዩሪያ የማይመልሰው የሣር ቢጫነት

ዩሪያ የተጨመረለት የዝሆን ሣር ወይም ሮደስ (ሁለቱም የመኖ ሣሮች ናቸው) ለምን ቢጫ ሆኖ እንደሚቀር በተደጋጋሚ ስለሚጠየቅ፣ ምክንያቱ የሰልፈር (ድኝ) እጥረት ሊሆን እንደሚችልና ከናይትሮጅን እጥረት መለያውም ቢጫ የሆነው ቅጠል ዕድሜ መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል። ናይትሮጅን ሲያንስ ሣሩ ከአሮጌ ቅጠሎቹ ወስዶ ለአዲሶቹ ስለሚሰጥ ቢጫነቱ ከታች ይጀምራል፤ ሰልፈር ግን በተክሉ ውስጥ እንደዚያ በቀላሉ ስለማይዘዋወር እጥረቱ ቀድሞ የሚታየው ከላይ፣ በለጋው ቅጠል ላይ ነው። ሁለቱም ለፕሮቲን መሥሪያ ስለሚያስፈልጉ፣ አንዱ ጎድሎ ሌላውን ማብዛት ትርፉ ወጪ ነው።

ለምሳሌ 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ሲይዝ ሰልፈር ጨርሶ የለውም፤ በአገራችን የተለመደው ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር የያዘ ማዳበሪያ) ግን በኩንታሉ 7 ኪሎ ሰልፈር አለው። ንጹሕ የድኝ ዱቄት ከተጨመረ ደግሞ ሥሩ ሊወስደው የሚችለው የአፈር ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፌት ከለወጡት በኋላ ስለሆነ ውጤቱ ይዘገያል።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። የሚለያየው የሚያስፈልገው የሰልፈር መጠን ነው፤ አሸዋማ፣ ብስባሹ ያነሰና ዝናብ የሚያጥበው መሬት፣ በተለይም ሣሩ እየታጨደ ከማሳው የሚወጣበት፣ ከሌላው የበለጠ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከአፈር ምርመራ በፊት ለሁሉም ማሳ አንድ ልክ መስጠት አይቻልም።