ስፓይራል ኬብል ምንድን ነው? ከመሪው ጀርባ የተጠቀለለው ሽቦ

የመኪናውን ዳሽቦርድ ራሱ ሊጠግን የተነሣ ሰው መሪውን የሚያየው እንደ መሰናክል ነው። ይፈታዋል፣ ጥግ ያስቀምጠዋል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ መልሶ ያስረዋል። መኪናው ይነሣል፣ ይነዳል፣ መሪውም ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ከዚያ አንድ ቀን ጠባብ ቦታ ለማቆም መሪውን እስከ መጨረሻው ሲያዞር ከእጁ ሥር ቀጭን የመቀደድ ድምፅ ይሰማል። የኤርባግ መብራት ቦግ ይላል፤ ክላክሱም ድምፁ ይጠፋል። ባለቤቱ ፊውዝ ይመረምራል፣ ክላክስ ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን የተፈጸመው መሪው መልሶ በታሰረበት ቀን ነው። የተበጠሰው ዕቃ ስፓይራል ኬብል ይባላል። በአንዳንድ የመለዋወጫ ሱቆች ክሎክ ስፕሪንግ እየተባለ ይሸጣል፤ ዕቃው አንድ ነው።

መሪ ይዞራል፤ መሪውን የተሸከመው ግንድ ግን አይዞርም። ኤርባጉ፣ ክላክሱ፣ መሪው ላይ የተደረደሩት የሬዲዮና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ቁልፎች ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከማይዞረው ወገን ነው። በመካከላቸው ተራ ሽቦ ቢዘረጋ ጥቂት ጊዜ ተጠማዝዞ ይበጠሳል። ስለዚህ የፍሬቻና የዝናብ መጥረጊያ እጀታዎች በሚወጡበት ቦታ፣ ከመሪው በስተጀርባ፣ ክብ የፕላስቲክ ቤት ተቀምጧል። ውስጡ በሁለት ስስ ፕላስቲኮች መካከል የተለበጡ የመዳብ መስመሮች ያሉት ጠፍጣፋ ሪባን አለ። የሪባኑ አንድ ጫፍ ከማይዞረው ቤት፣ ሌላው ጫፍ ከመሪው ጋር አብሮ ከሚዞረው እምብርት ጋር ተያይዟል። መሪው ወደ አንድ ወገን ሲዞር ሪባኑ እንደ ካሴት ክር እምብርቱ ላይ ይጠመጠማል፤ ወደ ሌላው ሲዞር እየላላ ወደ ግድግዳው ይሸሻል። ግንኙነቱ ለቅጽበት እንኳ አይቋረጥም።

ላዳና ቮልስ ሲፈታ ያደገ መካኒክ ይህን ዕቃ አያውቀውም ነበር፤ በእነዚያ መኪኖች መሪ ላይ ከክላክስ በቀር ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነገር ስላልነበረ። ለክላክስ ደግሞ በመዳብ ቀለበት ላይ የሚንሸራተት ትንሽ ማገናኛ ይበቃል። ለአፍታ ቢላቀቅ ቢበዛ ክላክሱ ይንተባተባል እንጂ ሰው አይጎዳም። በዚያ ዘመን መሪ መፍታት ማለት የመሃሉን ዳዶ ፈትቶ መሳብ ብቻ ነበር። ዛሬም ብዙ ሰው በዚያው ልማድ ይፈታል፤ የችግሩም ግማሽ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ኤርባግ ግን መንተባተብ አይፈቀድለትም። ግጭት ሲደርስ ከረጢቱ ተነፍቶ ሾፌሩን መጠበቅ ያለበት በ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። መለኮሻው ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም 2 ኦም አካባቢ ብቻ ነው፤ የኤርባጉ ኮምፒውተርም በዚህ መስመር እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየላከ አለመቋረጡን ያለማቋረጥ ይፈትሻል። በሚንሸራተት ማገናኛ ላይ የሚያርፍ አቧራ ወይም ዝገት ይህን ልኬት ለማዛባት በቂ ነው። ኤርባግ ወደ መሪ ሲገባ ተጠቅላዩ ሪባን አብሮት የገባው ለዚህ ነው።

ሪባኑ ግን የተወሰነ ርዝመት አለው፤ ያልቃል። በብዙ ቶዮታዎች ስፓይራል ኬብሉ ከመሃል ተነሥቶ ወደ ግራ ሁለት ዙር ተኩል፣ ወደ ቀኝም ሁለት ዙር ተኩል ይሄዳል። መሪው ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዞረው 3 ዙር ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ ነው። ይህ ማለት በየወገኑ የሚተርፈው አንድ ዙር ገደማ ነው። መሪው ወጥቶ ሳለ እምብርቱን እጅ ነካ አድርጎት ሁለት ዙር ቢሄድ ኬብሉ በዚያ ወገን የቀረው ግማሽ ዙር ብቻ ይሆናል። መሪው በዚህ ሁኔታ ቢታሰር ከውጭ የሚታይ ምንም ጉድለት የለም። በቀጥታ መንገድ ላይ መሪ ከግማሽ ዙር በላይ የሚዞርበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ መኪናው ለተወሰነ ጊዜ ያለ እንከን ሊነዳ ይችላል። የሚበጠሰው መኪናው ዞሮ ሲመለስ ወይም ሲቆም፣ መሪው እስከ ጥግ ሲሄድ ነው። ሰው ጥፋቱን ከዳሽቦርዱ ሥራ ጋር የማያያይዘውም ስለዚህ ነው።

መሪውን ጨርሶ ያልፈታ ሰውም ሊበጥሰው ይችላል። የመሪው ዘንግ ከታች፣ ከፔዳሎቹ አጠገብ ካለው መጋጠሚያ ከተላቀቀ በኋላ መሪውን የሚገታ ነገር የለም፤ ልጅ ገብቶ ቢያሽከረክረው ሪባኑ ያልቃል። በዚህ ጊዜ የሾፌሩን የደህንነት ቀበቶ በመሪው ቀለበት ውስጥ አሳልፎ መቆለፍ ይበቃል።

በመጀመሪያ ግን መሪውን መፍታት ያስፈልጋል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የጌጅ አምፖል ለመቀየር ከሆነ መሪውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ የጌጁን ዙሪያ ሽፋን ማውጣት በብዙ መኪኖች ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የቪትዝ ትውልዶችማ ጌጁ የተቀመጠው በዳሽቦርዱ መሃል ስለሆነ መሪው ከነገሩ ውስጥ የለበትም። ዳሽቦርዱ በሙሉ የሚወርድ ከሆነም የመሪውን ግንድ ከነመሪው ከማሰሪያው ፈትቶ ወንበሩ ላይ ማስተኛት አለ። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

መፈታቱ ግድ ከሆነ የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፣ የሞተር ቁልፉ ይዘጋ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ፣ ሆንዳ 3 ደቂቃ ይላሉ። ባትሪው በግጭት ቢደቅ እንኳ ኤርባጉ እንዲፈነዳ ኮምፒውተሩ ውስጥ ኃይል ይጠራቀማል፤ መጠበቁ ያ ኃይል እስኪበተን ነው። በብዙ ቶዮታዎች ከመሪው ግራና ቀኝ ጎን ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች አሉ። ሲነሡ ባለ ኮከብ ጭንቅላት ብሎኖች ይታያሉ፤ ቁጥራቸው ቲ 30 ነው። ኤርባጉ ወደ ፊት ሲሳብ ከጀርባው ቢጫ ማገናኛ ይወጣል። ቢጫ ቀለም በኤርባግ መስመር ላይ ማስጠንቀቂያ ነውና በጉልበት አይጎተትም፤ መሃሉ ላይ ያለችው መቆለፊያ በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ተነሥታ በእርጋታ ይለቀቃል። የወጣው ኤርባግ ሽፋኑ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቢፈነዳ ወደ ባዶ አየር ይሁን ማለት ነው። በመልቲሜትር ልለካው ማለት ፈጽሞ አይገባም፤ ከመለኪያው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሊለኩሰው ይችላል።

ቀጥሎ ዘንጉና መሪው በአንድ መስመር በቀለም ምልክት ይደረግባቸዋል። በቶዮታ የመሃሉ ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 19 ነው። ይላላ እንጂ ጨርሶ አይውጣ፤ መሪው ከዘንጉ ጥርሶች ላይ ድንገት ሲነቀል የሳበውን ሰው አገጭ እንዳያገኝ ዳዶው ጥቂት ጥርስ ይዞ ይቆይ። አልነቀል ካለ መንቀያ የሚታሰርባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። መዶሻ አይነካም፤ የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ እንዲታጠፍ የተሠራ ነው፣ በዱላ የተጎዳ ዘንግ ደግሞ ጉዳቱ ከውጭ አይታይም። መሪው እንደወጣ የስፓይራል ኬብሉ እምብርት ከቤቱ ጋር በፕላስተር ይያዝ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ካለ ይህንኑ ቢያስታውስ ይበቃል።

ፕላስተሩ ተረስቶ እምብርቱ ከዞረ ነገሩ አልተበላሸም። በእጅ ቀስ ብሎ ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ እስኪጠነክር ይዞራል። በመጀመሪያው እምቢታ ላይ ይቆማል። ከዚያ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሁለት ዙር ተኩል ገደማ ተመልሶ በእምብርቱና በቤቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ሲገጥሙ መሃሉ ተገኘ ማለት ነው። ቁጥሩ የቶዮታ ነው፤ ለሌላ መኪና የዚያው አምራች መመሪያ ይታያል። ዳዶው ሲመለስ በብዙ ቶዮታዎች 50 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል።

ይህ ጉዳይ አዲስ አበባ ላይ የተለየ ክብደት አለው። ቶዮታ እስከ 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቪትዝ የሚለውን ስም ይሰጥ የነበረው ለጃፓን ገበያ ለሚሠራው ነበር፤ አውሮፓ ላይ ያው መኪና ያሪስ ይባላል። ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ሕዝቡ ያሪሱንም ቪትዝ ስለሚለው ሁሉንም አንድ ላይ መፈረጅ አይቻልም፤ ነገር ግን በእርግጥ ለጃፓን የተሠራ ቪትዝ ዛሬ መሪው በግራ ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ አንድ ጊዜ በሙሉ ወርዶ መሪው ተዛውሮለታል። ስፓይራል ኬብሉም ያኔ በማይታወቅ እጅ አልፏል። ገዢው ይህን በአንድ ነገር ሊፈትን ይችላል። ቁልፉ ሲከፈት የኤርባግ መብራት ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ጭራሽ ካልበራ ግን ይብሳል፤ አንድ ሰው አምፖሉን አውጥቶት ወይም መስመሩን ከሌላ መብራት ጋር አገናኝቶት ሊሆን ይችላል። በኤርባጉ ቦታ ባለ 2 ኦም ሬዚስተር አስሮ ኮምፒውተሩን የማታለል ዘዴም አለ። ለእኔ ይህ ጥገና ሳይሆን ማጭበርበር ነው፤ ገንዘብ የከፈለው ሰው ከፊቱ ባዶ የፕላስቲክ ክዳን ይዞ ይነዳል።

ስፓይራል ኬብል ሁልጊዜ በፈቺው እጅ ብቻ ይበላሻል ማለትም አይደለም። ቶዮታ በሚያዝያ 2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ዙሪያ 6.39 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን ለእርማት ሲጠራ አንዱ ምክንያት ይኸው ኬብል ነበር፤ መሪው ሲዞር ግንኙነቱ ሊጎዳና የሾፌሩ ኤርባግ ላይሠራ እንደሚችል ተገልጿል። ራቭ 4 እና ሃይሉክስ ከተጠሩት መካከል ነበሩ።

የተበጠሰ ሪባን በብየዳ አይጠገንም፤ ሙሉ ዕቃው ይቀየራል። አዲሱ ከፋብሪካ ሲወጣ መሃሉ ላይ ተቆልፎ ስለሚመጣ መቆለፊያው መኪናው ላይ ከታሰረ በኋላ እንጂ በፊት አይነሣም። ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ከሆነ መሃሉ የት እንዳለ የሚያውቅ የለምና ከላይ በተባለው መንገድ ይፈለጋል፤ መሪው ምን ያህል እንደዞረ የሚለካ ሴንሰር ያለበት ዓይነት መሆን አለመሆኑም ከመግዛት በፊት ከአሮጌው ጋር ይመሳከራል። ሲያልቅ ባትሪው ይገናኛል፣ መብራቱ በርቶ መጥፋቱ ይታያል፣ ክላክሱ ይፈተናል። ከዚያ የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ተነሥተው መሪው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ጥግ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ጥግ ይዞራል። ጥግ ላይ የሚቋቋመው የጎማው ማቆሚያ እንጂ ሪባኑ እንዳልሆነ እጅ ይለየዋል፤ ከጥጉ በፊት የመሳብ ስሜት ወይም የመፋተግ ድምፅ ካለ መሪው እንደገና ይወጣል።