ከኮምቦልቻ ደሴ በእግር፦ መንገድን ስለመገምገም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴና ኮምቦልቻ ጎረቤታሞች ናቸው። በሚኒባስ የሚሄድ ሰው በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ትንሽ ይንገላታል እንጂ ስለ መንገዱ ብዙም አያስብም። በእግሬ ልሂድ፣ ከዚያም አልፎ ሰው አስከትዬ ልሂድ ያለ ግን ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው የ650 ሜትር ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው።

ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶችና የተጓዦች ክበባት የእግር ጉዞ ሲያዘጋጁ መንገዱን አስቀድሞ የሚያይ ሰው ይልካሉ። የሚላከው ሰው ብዙውን ጊዜ ወጣትና ብርቱ ስለሆነ መንገዱን የሚመዝነው በራሱ ጉልበት ነው። ብዙዎቹ ስሕተቶች የሚመጡት ከዚህ ነው። መንገድ መገምገም ያለበት ከተጓዦቹ ሁሉ በጣም የሚቸገረው ሰው እየታሰበ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አመለካከቶች የማነሣው ያንን ሰው ይዤ ነው።

«ኪሎ ሜትሩን ካወቅን መንገዱን አወቅነው»

በካርታ ላይ በቀጥታ ሲለካ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአስፋልቱ ሲኬድ ግን ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ግን ጉዞው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አይናገሩም።

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት። በዚህ ከሄድን ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በአስፋልቱ ደሴ ለሚወጣ ሰው ርቀቱ አምስት ሰዓት፣ ከፍታው ደግሞ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይወስድበታል። ይህ ለጤነኛና መንገድ ለለመደ እግር የወጣ ስሌት ነው፤ ዕረፍት፣ ምሳ፣ ልጅ ማባበል፣ የጫማ ክር ማሰር አልተቆጠረም። አዛውንትና ሕፃናት ላሉበት ጉዞ እኔ ቢያንስ ግማሹን እጨምርበታለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሣ እንዲህ ያለ ቡድን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ደሴ እገባለሁ ብሎ ለማንም ቃል መግባት የለበትም።

ሌላም አለ። 650 ሜትር የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ነው። ተጓዡ የሚወጣው ጠቅላላ አቀበት ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የተራራ አገር መንገድ ወጥቶ ይወርድና እንደገና ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ አቀበት ለብቻው ተለክቶ ይደመራል። የወረዱት ከወጡት ላይ አይቀነስም።

«ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከሆነማ ቁልቁለት ነው፣ ምን ችግር አለው?»

ቁልቁለት ለሳንባ ይቀላል። ለጉልበትና ለጭን ግን ከአቀበት ይብሳል። ሰው ሲወርድ የጭኑ ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነቱን ያግታል፤ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያቅተው በዚህ የተነሣ ነው። የመውደቅ አደጋም በመውረድ ላይ ይበረታል፤ በተለይ ልል ጠጠር ባለበት መሬት ላይ እግር ሲንሸራተት የሚይዘው ነገር የለም።

ፍጥነትም እንደሚታሰበው ሁልጊዜ አይጨምርም። ዋልዶ ቶብለር የተባለው የጂኦግራፊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ቀመር መሠረት ሰው በጣም የሚፈጥነው 5 በመቶ ብቻ በሚያዘቀዝቅ መንገድ ላይ ነው፤ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ያህል። ቁልቁለቱ 25 በመቶ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ይህም 15 በመቶ ዳገት ከመውጣት ጋር እኩል ነው። ከአስፋልቱ እየወጡ በአቋራጭ የሚወርዱ ጊዜ ቆጠብን የሚሉት ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው ሳያዩ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ልጅ ያዘለች እናት በጉዞው ውስጥ ካለች አቋራጩን ተዉት። በአስፋልቱ የሚረዝመው መንገድ ለእነርሱ የሚቀርበው ነው።

«በአማካይ ሲታይ ያን ያህል ዳገት የለውም»

ከሁሉም የሚከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል፤ ቁጥር ስላለው የተጠና ይመስላልና። 650 ሜትርን ለ25 ኪሎ ሜትር ብናካፍል 2.6 በመቶ ይወጣል። 2.6 በመቶ ደግሞ ለማንም የማያስቸግር፣ ተሽከርካሪ ወንበር ሳይቀር በምቾት የሚሄድበት ተዳፋት ነው። ይህን ቁጥር ብቻ በወረቀት ያየ ሰው ሐረጎን ሜዳ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል!

ማንም ሰው በአማካይ ላይ አይራመድም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድን ሰው 25 ኪሎ ሜትር ሙሉ ከሚመች መንገድ ውስጥ 30 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዳገት፣ ወይም አንድ ክዳኑ የጠፋ የውኃ መውረጃ ቦይ ሊያስቀረው ይችላል። መንገዱ ለእርሱ የሚያበቃው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ገምጋሚ ዋና ሥራው መጥፎዎቹን ቦታዎች መፈለግ ነው፦ ከሁሉ የቀጠነው የት ነው? ከሁሉ የቆመው የት ነው? ሊያልፉት የማይቻለውስ?

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት፣ የግንበኛ ውኃ ልክና ማስመሪያ ይበቃሉ። እንጨቱን መሬት ላይ ወደ ዳገቱ አቅጣጫ አጋድሙና ውኃ ልኩን ከላዩ አስቀምጣችሁ በዝቅተኛው በኩል ያለውን ጫፍ የውኃ ልኩ አረፋ መሀል እስኪገባ አንሡ። ከመሬት እስከ ጫፉ ያለው ሴንቲ ሜትር የተዳፋቱ መቶኛ ነው፦ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5 በመቶ።

ቁጥሩን ከምን ጋር እናወዳድረው? በብዙ አገሮች የግንባታ መመሪያ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ መወጣጫ ከ1 ለ12፣ ማለትም ከ8.3 በመቶ አይበልጥም። በአሜሪካው መመሪያ ደግሞ መወጣጫው 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለ በኋላ ደልዳላ ማረፊያ ሊኖረው ይገባል፤ ከ5 በመቶ በታች የሆነ ተዳፋት እንደ ተራ መሄጃ ይቆጠራል። ወደ ጎን ያለው መዘቅዘቅ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከ2 በመቶ ገደማ ካለፈ ወንበሩ ወደ ቦዩ ይጎትታል፣ የሚገፋው ሰው ክንድም ይዝላል። እንጨቱን አንድ ጊዜ በመንገዱ ርዝመት፣ አንድ ጊዜ በወርዱ አጋድሙት።

«ተደራሽነት የተሽከርካሪ ወንበር ጉዳይ ነው»

ለዓይነ ስውር ተጓዥ 8 በመቶ ዳገት ምንም አይደለም። እርሱን የሚጎዳው ነጭ በትሩ የማይደርስበት ነገር ነው፦ በግንባር ቁመት የተንጠለጠለ የግራር ቅርንጫፍ፣ ጠርዝ የሌለው ገደል፣ ያለ ምልክት በድንገት የሚያበቃ የእግረኛ መንገድ። መስማት የተሳነው ሰው ከኋላው የሚመጣውን የጭነት መኪና አይሰማም፤ ለእርሱ ዋናው ጥያቄ ከኩርባው በፊት ምን ያህል ርቀት ይታያል የሚል ነው። የልብ ሕመም ወይም አስም ላለበት ደግሞ በየስንት ሜትሩ አረፍ የሚባልበት ጥላና ድንጋይ መኖሩ ከዳገቱ ይልቅ ይወስናል። ጀርባዋ ላይ ሸክም ያዘለች እናት በጠባብ ድልድይ ላይ ከሌላ መንገደኛ ጋር መተላለፍ መቻሏ መታየት አለበት።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ ተደራሽነትን ሲዘረዝር ከሕንፃዎች ጋር መንገዶችን አብሮ ይጠራል፤ ስለ ገጠሩም በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ አካል ጉዳተኛ ጎረቤታችን መንገዱን ይችለዋል ወይ ብሎ መጠየቅ መብቱን ማክበር ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ እርሱን ራሱን ይዞ ሄዶ መገምገም ነው፤ እኛ ቆመን የምንገምተውን እርሱ በአሥር ደቂቃ ያሳየናል።

«አስፋልት እስካለ ድረስ እግረኛ አይቸገርም»

አስፋልቱ የተሠራው ለመኪና ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ደረቅ ወደብ ያሏት ከተማ ናት፤ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚያወጣው መንገድም ከእርሷ ይነሣል። ከባድ ተሽከርካሪ በማይታጣበት ጠመዝማዛ ላይ የእግረኛው ቦታ የመንገዱ ትከሻ ብቻ ነው፤ ትከሻው በጠበበበት ቦታ ደግሞ ከአንድ ወገን ገደል፣ ከሌላው ቦይ ይሆናል። ስለዚህ የአስፋልቱ ልስላሴ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ትከሻው በየቦታው በሜትር ይለካ። ከ90 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ተሽከርካሪ ወንበር በደኅና አያሳልፍም፤ ልጁን በእጁ ለያዘ አባትም ይጠበዋል።

በአገራችን መኪና በቀኝ ስለሚሄድ እግረኛ ግራውን ይዞ የሚመጣውን ፊት ለፊት እያየ መሄድ አለበት። በውስጠኛው በኩል ባለ ጠባብ ኩርባ ላይ ግን ሾፌሩ እግረኛውን የሚያየው ዘግይቶ ነው። እንዲህ ያሉ ኩርባዎች በግምገማው ላይ አንድ በአንድ ይመዝገቡ፤ ቡድኑን አስቁሞ የሚያሻግር ሰውም ይመደብ።

«ስልኬ ሁሉን ያሳየኛል»

በነጻ የሚገኙ ብዙ የከፍታ ካርታዎች የተሠሩት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 የአሜሪካ መንኮራኩር ከሰበሰበው የራዳር መረጃ ነው። መረጃው መሬቱን በ30 ሜትር በ30 ሜትር ቁራጭ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ከፍታ ይሰጣል። ስለዚህ የሦስት ሜትር ቦረቦር፣ የተደረመሰ ግንብ ወይም ባለፈው ክረምት የተናደ አፋፍ በስክሪኑ ላይ ልሙጥ ሆኖ ይታያል። ስልክ የቱን አቅጣጫ እንደምናይ ለመወሰን ይጠቅማል፤ ማየቱን የሚተካው ነገር ግን የለም።

«የአካባቢው ሰው ‹ቅርብ ነው› ካለ ቅርብ ነው»

የገጠር ሰው ለእንግዳ ሲነግር ማበርታት ይወዳል። «ይቺትና» ያለው ቦታ ሁለት ሰዓት ሊያስኬድ ይችላል፤ ለእርሱ ግን እውነት ቅርብ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የአካባቢውን ሰው ምክር አይታመንም የሚል ሰው ደግሞ የባሰ ስሕተት ይሠራል። ከእረኛና ከገበያተኛ በላይ መንገዱን የሚያውቅ የለም። ጥያቄው ነው መስተካከል ያለበት፦ «አባባ፣ ጠዋት በስንት ሰዓት ወጥተው ገበያ በስንት ሰዓት ይደርሳሉ?» «እማማ፣ በክረምት በየት በኩል ይሄዳሉ?» «በዚህ በኩል የማይሄድ ሰው ማነው?» የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያወጣል። የሰሞኑን ጸጥታም የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ሳይጠየቁ መነሣት ተገቢ አይደለም።

«ባለፈው ዓመት አይተነዋል»

በየትኛው ወር? በኅዳር ደረቅና ጽኑ የነበረ ጥቁር አፈር በሐምሌ ጫማ ይዞ የሚያስቀር ጭቃ ነው። በኅዳር በድንጋይ የተሻገሩት ጅረት በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ሰው ይወስዳል። በወሎ ደግሞ የበልግ ዝናብም ስላለ ከክረምት ውጭ ሁሉም ደረቅ ነው ብሎ መገመት አይቻልም። ደሴ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ከኩርባ የሚመጣ መኪና አይታይም። የግምገማው ቀን ያልተጻፈበት ግምገማ ለማንም አይጠቅምም።

«ደጋ አገራችን ነው፣ ከፍታው ምን ያደርገናል?»

እዚያው ለሚኖር ሰው እውነት ነው። ለበዓል ከጂዳ ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመድ ግን ዓመታት ያሳለፈው በባሕር ዳርቻ ነው። 2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ጥቂት ቀን ይረፍና ይጓዝ።

«‹መካከለኛ› ብሎ መጻፍ ይበቃል»

መካከለኛ ለማን? «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» የሚሉት ቃላት የጻፈውን ሰው ጉልበት ይናገራሉ፤ አንባቢው በእነርሱ ስለራሱ መወሰን አይችልም። የሚጠቅመው ሰው ራሱን የሚመዝንበት መረጃ ነው፦ የተገመገመበት ወር፣ ጠቅላላ አቀበትና ቁልቁለት ለየብቻው፣ ከሁሉ የቆመው ቦታ በመቶኛና በርዝመት፣ ከሁሉ የጠበበው ቦታ በሴንቲ ሜትር፣ የመሬቱ ዓይነት፣ ውኃና ጥላ ያለባቸው ቦታዎች፣ መጸዳጃ የሚገኝበት፣ የደከመ ሰው ሚኒባስ ሊሳፈር የሚችልባቸው ማቆሚያዎች። ይህን ያነበበች ጉልበቷን የሚያማት እናት «እስከ ሦስተኛው ማቆሚያ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፣ ከዚያ በመኪና እቀድማችኋለሁ» ልትል ትችላለች።