የጉሎ ዘይት በሞዴል ሞተሮች ውስጥ

የጉሎ ዘይት ከጉሎ ፍሬ ተጨምቆ የሚወጣ ወፍራም፣ ፈዛዛ ቢጫ ዘይት ነው። በሞዴል አውሮፕላን፣ ጀልባና መኪና ላይ የሚገጠሙ ጥቃቅን ሞተሮችን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያለሰልስ ኖሯል። ሰው ሠራሽ ዘይቶች ከመጡ በኋላም ቦታውን ጨርሶ አልለቀቀም። ያቆየውም ሞተር ከልክ በላይ ሲግል የሚያሳየው ጥንካሬ ነው።

አብዛኞቹ የሞዴል ሞተሮች ቱ ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት) ናቸው። ለብቻው የተቀመጠ የሞተር ዘይት የላቸውም። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ክራንክሻፍቱን፣ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እያራሰ ያልፍና ከጭሱ ጋር በማርሚታው ይወጣል። ነዳጁ 20 በመቶ ዘይት ካለው፣ ከአንድ ሊትር ውስጥ 200 ሚሊ ሊትሩ ዘይት ነው ማለት ነው። ብዙው ሳይቃጠል ይወጣና የአውሮፕላኑን ጎንና ክንፍ ያለብሰዋል። ከበረራ በኋላ ጨርቅ ይዞ መወልወል የዚህ ሥራ አንዱ ክፍል ነው። ዘይቱ ግን በከንቱ አይፈስም፤ ሲወጣ ሙቀትም ይዞ ይወጣል።

ጥንካሬው የሚመነጨው ከሥሪቱ ነው። ከስብ አሲዶቹ 90 በመቶ ገደማው ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባለው ነው። ይህ አሲድ በሌሎች የተለመዱ የአትክልት ዘይቶች ውስጥ እንዲህ በብዛት አይገኝም። በዚህ የተነሳ የጉሎ ዘይት ብረት ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ሜታኖል በሚባለው የአልኮል ዓይነትም በደንብ ይሟሟል። የማዕድን ዘይት ሜታኖል ውስጥ አይሟሟም። የሞዴል ነዳጅ ደግሞ ዋናው ክፍሉ ሜታኖል ነው።

ሌላው ጠባዩ ሙቀት ላይ ይታያል። ብዙ ዘይቶች በጣም ሲግሉ ይቀጥናሉ፣ ይተናሉ ወይም ይቃጠላሉ። የጉሎ ዘይት ግን ከተወሰነ ሙቀት በኋላ እየወፈረ ይሄድና የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይሠራል። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ሲወጣ ወይም ታንኩ ሊያልቅ ሲል ለሞተሩ የሚደርሰው ነዳጅ ያንሳል። የሞተሩ ድምፅ ይሰላል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ፒስተን ሲሊንደሩን የሚነክሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ጉሎ ዋጋውን የሚያሳየውም ያኔ ነው።

የክብር ዘመኑ የጀመረው በእውነተኛ አውሮፕላኖች ላይ ነበር። የፈረንሳዮቹ የሴጋን ወንድማማቾች ኖም ሞተር እ.ኤ.አ. በ1909 ሰማይ ላይ ታየ። ሰባት ሲሊንደርና 50 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ክራንክሻፍቱ ቆሞ ሞተሩ ራሱ ከፕሮፔለሩ ጋር የሚሽከረከርበት ዓይነት ነው። “ለ ሮን” እና “ክሌርዤ” የተባሉት ሞተሮችም በዚሁ መንገድ ተሠርተዋል፤ እንደ ሶፕዊዝ ካሜል ያሉ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊዎች በእነዚህ በረሩ። በእነዚህ ሞተሮች ቤንዚንና አየሩ በክራንክሻፍቱ ክፍል በኩል ያልፋል። የማዕድን ዘይት ቢሆን ቤንዚኑ ያጥበው ነበር። የጉሎ ዘይት በቤንዚን በቀላሉ ስለማይሟሟ ቦታው ላይ ይቆያል። ትርፉ ወደ ውጭ ይረጫል፣ አብራሪውንም ያገኘዋል። ዘይቱን ይተነፍሱትና ይውጡት እንደነበር አያጠራጥርም። ሆዳቸውን ምን ያህል ያስቸግር ነበር የሚለው ግን አከራካሪ ነው። በዚያው በ1909 የቻርልስ ዌክፊልድ ኩባንያ የጉሎ ዘይት ያለበትን የሞተር ዘይት ካስትሮል በሚል ስም ገበያ ላይ አዋለ።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነበሩት የሞዴል ሞተሮች በቤንዚንና በካንዴላ የሚሠሩ ስለነበሩ በአብዛኛው የማዕድን ዘይት ይጠቀሙ ነበር። የናፍጣ ዓይነቶቹ ኋላ መጡ፤ ነጭ ጋዝ፣ ኢተርና የጉሎ ዘይት በግምት እኩል እኩል ተቀላቅሎላቸው ይሠሩ ነበር።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። አሜሪካዊው ሬይ አርደን የግሎ ካንዴላን ለገበያ አቀረበ። ባትሪው ለማስነሳት ብቻ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የካንዴላው ሽቦ በቃጠሎው ሙቀት ግሎ ይቆያል። ነዳጁ ሜታኖል ሆነ፣ ጉልበት ለመጨመር ናይትሮሜቴን ይገባበታል፣ ማለስለሻው ደግሞ ጉሎ ነው። የኮክስ ኩባንያ ጥቃቅን ሞተሮች የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። ቤብ ቢ የተባለው መጠኑ 0.8 ሲሲ ብቻ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ፒስተኑና ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ የሚጋጠሙት በኳስ ቅርጽ ነው። ይህ መጋጠሚያ ጉሎ ከሌለው ቶሎ ይበላል።

ሰው ሠራሽ ዘይቶች ንጹሕ ናቸው፤ ሞተር አያቆሽሹም፣ ሲቀዘቅዝም አይጣበቁም። ይህ ሊካድ አይገባም። በሌላ በኩል ከጉሎ ባነሰ ሙቀት ይቃጠላሉ። ዝገትን በመከላከልም ጉሎ ይበልጣቸዋል። ሜታኖል ሲቃጠል ውኃ ስለሚፈጥር ኩሽኔታ በቀላሉ ይዝጋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሁለቱን ያቀላቅላል። ኩሽኔታ ላላቸው ዘመናዊ ሞተሮች አጠቃላይ ዘይቱ ከ18 እስከ 20 በመቶ ቢሆን፣ ከዚያ ውስጥ ሩብ ያህሉ ጉሎ ቢሆን ጥሩ ነው። ኩሽኔታ ለሌላቸው አሮጌ ሞተሮች ዘይቱ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ቢያንስ ግማሹ ጉሎ መሆን አለበት። በተለይ ሮዳጅ ላይ ያለ የብረት ፒስተን ሞተር ጉሎ ባይነፈገው ይመረጣል።

ሲሊንደር ውስጥ የሚቀረው ቡናማ ሽፋን ዋነኛው የክርክር ነጥብ ነው። አንዳንዶች ጥቂት ሽፋን የብረት ፒስተንና ሲሊንደርን ያጠባብቃል፣ እመቃንም ያሻሽላል ይላሉ። ሌሎች ጉዳት ነው ብለው ይፍቁታል። የአልሙኒየም ፒስተንና ክሮም የተቀባ የናስ ሲሊንደር ባላቸው ሞተሮች ሽፋኑ ሲበዛ ፒስተኑን ያጨናንቃል፤ እዚህ ላይ ብዙም የሐሳብ ልዩነት የለም።

ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ሞተር ዘይቱ ደርቆ አልዞርም ብሎ ይገኛል። ፕሮፔለሩን በጉልበት ማዞር የፒስተኑን ዘንግ ሊያጣምም ይችላል። ጥቂት ጠብታ ሜታኖል በካንዴላው ቀዳዳና በማርሚታው በኩል ያፍስሱ። ሜታኖሉ ከተነነ በኋላ በፀጉር ማድረቂያ ያሙቁት። ጎማና ፕላስቲክ ክፍሎቹን ቀድመው ይንቀሉ። ዘይቱ ሲለሰልስ ፕሮፔለሩ በጣት ብቻ ቀስ ብሎ መዞር ይጀምራል። ሜታኖል መርዝ መሆኑን፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን እንደማይታይ አይርሱ።

ዘይት ሲገዙ በመጀመሪያ ጭምቅ የወጣውን፣ የተጣራውን ይምረጡ። የፋርማሲውም ንጹሕ ከሆነ ይሠራል። በሰልፈሪክ አሲድ ታክሞ ከውኃ ጋር እንዲዋሃድ የተደረገው ግን ለሞተር አይሆንም። የጉሎ ፍሬ ውስጥ ያለው ራይሲን የተባለ መርዝ ፍሬው ሲጨመቅ ከሚተርፈው ፋጉሎ ጋር ይቀራል፤ የተጣራው ዘይት ውስጥ አይገኝም።

በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን የሽቦ ፍጥነት ውድድር (በሽቦ የተያዘ ሞዴል አውሮፕላን ክብ እየዞረ የሚፎካከርበት) ለረጅም ጊዜ መለኪያ ሆኖ የቆየው ነዳጅ 80 በመቶ ሜታኖልና 20 በመቶ የጉሎ ዘይት ነው። ናይትሮሜቴን የለበትም።