6 ሰዓት ቀትር አይደለም፦ ስለ ሰዓትና ስለ ፀሐይ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሰሞኑን ጮቄ ተራራ ሥር የሚኖረው አጎቴ ባሕር ዳር ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ቡና እየጠጣን ስልኬ ላይ የፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰንጠረዥ አሳየሁት። አየት አደረገና «ይኼማ ውሸት ነው ልጄ» አለኝ። እስኪመሽ ተከራከርን። የሱን ጥያቄዎች ከሌላም ሰው ብዙ ጊዜ ስለምሰማቸው ልጻፋቸው።

«ከቀኑ 6 ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ናት።»

እኛ ጋ አይደለችም። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ይህ መስመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል በኩል ነው። ባሕር ዳር ያለችው ደግሞ 37.4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ እውነተኛው ቀትር ባሕር ዳር የሚደርሰው በአማካይ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ደብረ ማርቆስም ቢሆን ከዚህ የሚለየው በደቂቃ ግድም ነው። የምድር ምሕዋር ፍጹም ክብ ስላልሆነና ዘንጓም ያዘመመ ስለሆነ ቀትሩ ራሱ ወዲያ ወዲህ ይላል፦ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደ 6 ከሩብ ይጠጋል፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ለ7 ሩብ ጉዳይ ይሆናል።

ጠዋትም ያው ነው። በስሌቱ መሠረት ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ በዓመት አንድም ቀን ከ12 ሰዓት በፊት አትወጣም። ድሮ አባቶች ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ሰዓት ሲያውቁ ቀትራቸው የፀሐይዋ ቀትር ነበር። እኔ ይህን በጣም ነው የማከብረው።

«የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው።»

በጋ ላይ አዎ። ግን ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16 አካባቢ ፀሐይ በባሕር ዳር አናት ቀጥ ብላ ታልፋለች፣ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨትም ጥላ ያጣል። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት ቀን መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል። በሁለቱ ቀኖች መካከል ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። ነሐሴ ላይ ደመናው ስለማያሳይ ሚያዝያ ላይ፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ደጃችሁ ላይ እንጨት ተክላችሁ እዩት።

«ሰንጠረዡ ተሳስቷል፣ ፀሐይ እኛ ጋ ዘግይታ ነው የምትወጣው።»

የአጎቴ ዋና ክርክር ይህ ነበር፤ እውነትም አለው። የአሜሪካ የባሕር ኃይል ኦብዘርቫቶሪን (የሰማይ መመልከቻ) የመሳሰሉ ተቋማት የሚያወጡት ሰዓት የፀሐይዋ የላይኛው ጠርዝ ሜዳ በሆነ አድማስ ላይ ብቅ የሚልበት ነው። አየር ብርሃኗን የሚያጎብጥበትም ተሰልቶበታል። ጮቄ ግን ሜዳ አይደለም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የቆመ ተራራ ነው። ተራራው በምሥራቁ በኩል የቆመበት ሰው ፀሐይዋ እስክትሻገረው መጠበቁ ግድ ነው።

«ቀኑ የሚያጥረው ፀሐይ በጣም ዘግይታ በምትወጣበት ዕለት ነው።»

አይደለም። አጭሩ ቀን ታኅሣሥ 12 አካባቢ ነው። መውጫዋ ግን መዘግየቱን ይቀጥልና ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው ሳምንት ባሕር ዳር ላይ ወደ 12 ከ55 ይደርሳል።

«የሐበሻ ሰዓት በ6 ሰዓት ወደኋላ ነው።» ቅጽበቱ አንድ ነው። እኛ ከንጋት እንቆጥራለን፣ ፈረንጆቹ ከእኩለ ሌሊት።

«የዓለምን ሰዓት የሚቆጥረው ግሪኒች ነው።»

ነበር። ለንደን ያለው የግሪኒች የሰማይ መመልከቻ በ1675 ተመሠረተ፣ በ1884 የኬንትሮስ መነሻ ሆኖ ተመረጠ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የመጀመሪያው ግቢ ዛሬ ሙዚየም ነው። አሁን ዓለም አቀፉ ሰዓት በልዩ ልዩ አገሮች ካሉ በመቶዎች ከሚቆጠሩ የአቶም ሰዓቶች ተሰብስቦ ፓሪስ አጠገብ ይሰላል። የምድር ዙር ወጣ ገባ ስለሚል ከፈረንጆቹ 1972 ወዲህ 27 ጊዜ አንድ አንድ ሴኮንድ ተጨምሮበታል። የመጨረሻዋ የተጨመረችው ታኅሣሥ 23 ቀን 2009፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ እኛ ተኝተን ነበር።