ሊፕ ይር ምንድን ነው? የሚዘለውስ ማን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። አንድ ሰው «ሊፕ ይር ማለት አንድ ቀን የሚዘለልበት ዓመት ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ብዙ ሰው «ትክክል» ብሎለታል። «ሊፕ» በእንግሊዝኛ መዝለል ማለት ነውና፣ ስሙ መናገሩ እውነት ነው። የሚናገረው ግን ሌላ ነገር ነው።

ሥራዬ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ስለዚህ ይህቺን ስህተት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በሊፕ ይር የሚዘለል ቀን የለም። እንዲያውም አንድ ቀን ይጨመራል፦ በእነሱ ፌብሩዋሪ 29፣ በእኛ ጳጉሜ 6። ታዲያ ዝላዩ ከየት መጣ?

ሰኞ ማክሰኞ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ። መሬት ላይ ቤቶች ይሰመራሉ። ጠጠር ይጣላል። በአንድ እግር እየዘለሉ፣ መስመር ሳይረግጡ፣ ጠጠሩ ያለበትን ቤት አልፈው ቀጣዩ ላይ ያርፋሉ። እኛ ቤቶቹን ሰባት እናድርጋቸው፤ ከሰኞ እስከ እሑድ። የምትዘለው ልጅ መስከረም 1 ትሁን።

365 ቀን ማለት 52 ሳምንት ከ1 ቀን ነው። ስለዚህ ልጅቷ በየዓመቱ አንድ ቤት ትሄዳለች። በ2013 ዓርብ ላይ ነበረች። በ2014 ቅዳሜ፣ በ2015 እሑድ። በ2016 ተራው የሰኞ ነበር። ሰኞ ቤት ውስጥ ግን ጠጠር አለ። ጠጠሩ ጳጉሜ 6 ነው፤ በ2015 ማብቂያ ላይ የዋለውም ልክ ሰኞ ዕለት ነው። ልጅቷ ሰኞን ዘላ ማክሰኞ ላይ አረፈች። ሊፕ የሚባለው ይኸው ነው።

ልብ በሉ፣ ሰኞ ቤት አልጠፋም። ሰኞን ኖረነዋል። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር፤ ዶሮና ሽንኩርት ስንገዛ የዋልንበት ቀን ነው። ቀኑ ከዘመን አልተቆረጠም። መስከረም 1 ናት ያለፈችው።

የእንግሊዝኛው ስምም የሚገልጸው ይህንኑ ነው። ማርች 1 በ2023 ረቡዕ ዋለ፤ በ2024 ደግሞ ዓርብ። ሐሙስ የት ገባ? ፌብሩዋሪ 29 ተቀምጦበታል። የእኛ ሊቃውንትም ዝላዩን በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ቆጥረውታል። ዓመተ ዓለሙን፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመት፣ ለ4 አካፍለው መጠነ ራብዒት ያገኛሉ፤ ያንን ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምረው ለ7 ሲያካፍሉ ቀሪው መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ይሰጣቸዋል። ለ2016 ዓመተ ዓለሙ 7516፣ መጠነ ራብዒቱ 1879 ነው። ድምሩ 9395። ቀሪው 1፤ በዚህ ስሌት 1 ማለት ማክሰኞ ነው። መጠነ ራብዒት ማለት እንግዲህ የዝላዮቹ ቁጥር ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ቀን በእውነት የተዘለለበትን ጊዜ የሚፈልግ ሰው 1582ን ይመልከት። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲጀመር፣ በተቀበሉት አገሮች ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ የመጣው ኦክቶበር 15 ነው። 10 ቁጥር ተዘለለ። ዕለታቱ ግን አልተነኩም፤ ሐሙስ ነበር፣ በማግስቱ ዓርብ ሆነ። ከሊፕ ይር ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ያው ሰው ቀጥሎ «2024 ሊፕ ይር ከሆነ የእኛም 2016 ሊፕ ይር ነው» ይላል። አይደለም። የእኛ ጭማሪ ቀን የገባው በ2015 መጨረሻ፣ በዘመነ ሉቃስ ነው። ከእነሱ ፌብሩዋሪ 29 ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። በእነዚያ ወራት ሁለቱ አቆጣጠሮች ከለመድነው በአንድ ቀን ይለያያሉ። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ትውላለች። ገና ታኅሣሥ 28 ይከበራል። ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይሆናል። «መስከረም 1 ሁሌም ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የተጻፈ ፕሮግራም እዚህ ላይ ይሳሳታል። ልጃችሁ ጥር 1 ቀን 2016 ተወልዶ ከሆነ፣ ውጭ አገር ፎርም ስትሞሉ ጃንዋሪ 10 በሉ እንጂ 9 አትበሉ። የልጅ ልደት በአንድ ቀን ተሳስቶ ከተመዘገበ በኋላ ማስተካከል ምን ያህል እንደሚያደክም አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ባትጠይቁኝም። «በየ4 ዓመቱ» የሚለው ደንብ ለእኛ ሁሌም ይሠራል፣ ለእነሱ ግን አይሠራም። 1900 ሊፕ ይር አልነበረም። 2100ም አይሆንም። ከዚያ ወዲያ መስከረም 1 በአዘቦቱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ትውላለች፤ ከጳጉሜ 6 ማግስት ከሆነች ደግሞ 13 ላይ።

ቀጣዩ ዘመነ ሉቃስ 2019 ነው። መስከረም 1 ዓርብ ላይ ትጀምራለች። ጠጠሩ በዓመቱ መጨረሻ ቅዳሜ ቤት ይወድቃል። የ2020 እንቁጣጣሽ እሑድ ነው።