«ፕላዝማ ኖዝል ጨራሽ ነው» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ብየዳ ቤት ገብታችሁ በኤሌክትሪክና በአየር ብረት ስለሚቆርጠው የፕላዝማ መቁረጫ ብትጠይቁ፣ መጀመሪያ የምትሰሙት ይህንን ነው።

«ኖዝል (አየሩ የሚወጣበትን የመቁረጫውን አፍ) ይጨርሳል፤ አያዋጣም።»
ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የአየሩ ነው። ኮምፕረሰር የታመቀ አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ በእጅ የሚያዘው ቶርች ውስጥ ከገባ ኤሌክትሮድም (ከኖዝሉ ኋላ ያለው፣ ኤሌክትሪኩ የሚወጣበት ክፍል) ኖዝልም ቶሎ ያልቃል። በክረምት ደግሞ ይብሳል። ማሽኑን አጥፍታችሁ ኤሌክትሮዱን ፍቱና ጫፉን እዩት። መሃሉ ላይ ሃፍኒየም የሚባል ብረት በትንሽ ነጥብ ተቀብሯል። እሱ ተቦርቡሮ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ከጎደጎደ ይቀየር። የኖዝሉ ቀዳዳ ክብነቱን ካጣም ቁርጡ ይንጋደዳል።

አየሩን መፈተሽ ቀላል ነው። ማሽኑን አየር ብቻ በሚለቅበት መፈተሻ ላይ አድርጉ። አርክ (የሚቆርጠውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ሳታስነሱ ነጭ ወረቀት ቶርቹ ፊት ያዙ። ወረቀቱ ነጠብጣብ ካወጣ ማጣሪያው አልሠራም ማለት ነው። የኮምፕረሰሩን ታንከር ውሃ በየጠዋቱ አፍስሱ።

«ጎማ የምንነፋበት ኮምፕረሰር ይበቃል።»
አይበቃም። 40 አምፔር ማሽን በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ አየር፣ ያውም ሳያቋርጥ፣ ሊፈልግ ይችላል። ሐዋሳ ደግሞ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ ከተጻፈበት ያነሰ ነው የሚሰጠው። ስትገዙ ተለቅ ያለውን ያዙ።

«ያው ኦክስጅን የሚቆርጠውን ነው የሚቆርጠው።»
ኦክስጅን ብረቱን እያቃጠለ ነው የሚቆርጠው። ስቴንለስና አልሙኒየም ላይ የሚፈጠረው ኦክሳይድ ግን በቀላሉ ስለማይቀልጥ እዚያ ይቸገራል። ፕላዝማ አቅልጦ በአየር ይገፋዋል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት ሁሉ ይሄዳል፣ መዳብም ጭምር። ቢሆንም 50 ሚሊሜትር ጥቁር ብረት ከመጣ ኦክስጅኑ ነው የሚያዋጣው። ሲሊንደሩን አትሽጡት።

«ማሽኑ ላይ 12 ሚሊሜትር ተብሎ ተጽፏል፤ ይቆርጣል።»
ቁጥሩ አንዳንዴ እየተንፏቀቁ፣ ጠርዙ ተበላሽቶ የሚለያይበት ውፍረት ነው። ንጹህ ቁርጥ የሚሰጠውን ውፍረት ለይታችሁ ጠይቁ።

«ባዶ የነዳጅ በርሜል ብንቆርጥ ምን ያደርጋል?»
ነዳጁ ቢያልቅም ትነቱ ውስጥ ይቀራል፤ ብልጭታ ሲያገኘው ይፈነዳል። ሰው ይገድላል። ምን እንደያዘ የማታውቁትን በርሜል አትንኩ።

«ለጭሱ ወተት ጠጣበት።»
ይህ ምክር ከልቤ ያስጨንቀኛል፣ ምክንያቱም ልጆቹ ተማምነውበት ጭሱ ውስጥ ይውላሉ። ወተት የሚሄደው ሆድ ውስጥ ነው፤ ጭሱ ደግሞ ሳንባ ውስጥ። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ያተኩሳል። የስቴንለሱ ጭስ ይብሳል፤ ካንሰር የሚያመጣ ክሮሚየም አለበት። በሩን ከፍታችሁ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁሙ። የብረት ጭስ የሚያጣራ ማስክ አድርጉ፤ ጨርቅ አያጣራም።