የሄልሲንኪ ደሴቶች፦ በከተማ ትኬት የሚደረስበት ባሕር

የፊንላንድን ዋና ከተማ የሄልሲንኪን ስም ብዙዎቻችን የሰማነው በሩጫ ነው። ከበደ ባልቻ በ1983 በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ብር ያመጣው እዚያ ነው። ጥሩነሽ ዲባባም በ2005 አምስት ሺውንና አሥር ሺውን ሜትር አከታትላ ያሸነፈችው በዚያው በከተማዋ ኦሎምፒክ ስታዲየም ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከስታዲየሙ ጎን ቀጭን ነጭ ማማ ቆሟል። ቁመቱ 72 ሜትር ከ71 ሴንቲ ሜትር ነው። ማቲ ያርቪነን የተባለ ፊንላንዳዊ በ1932ቱ ኦሎምፒክ ጦር ወርውሮ ወርቅ ያገኘበት ርቀት ነው፤ ማማውን በዚያ ልክ አቆሙት።

ከማማው ጫፍ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው ከተማው አልቆ ባሕሩ ሲጀምር ያያል። ባሕሩ ግን ባዶ አይደለም። ደሴት በደሴት ነው። ሄልሲንኪ በክልሏ ውስጥ ከ300 በላይ ደሴቶች አሏት። አንዳንዶቹ ሰፈር ናቸው፤ ትራምና የምድር ባቡር ይገባባቸዋል። አንዳንዶቹ ወፍ ብቻ የሚያርፍባቸው ራቁት ድንጋዮች ናቸው። በፊንላንድኛ «ሳሪ» ማለት ደሴት ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ «ሳሪ» ብሎ የሚያልቅ ስም ሲያዩ ውሃ አለ ማለት ነው።

ባሕሩ ባልቲክ ነው። እንደ ሌሎች ባሕሮች አይደለም። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ሄልሲንኪ ዳርቻ ያለው ውሃ 5 ወይም 6 ግራም ቢኖረው ነው። በዚህ የተነሳ የሐይቅ ዓሣና የባሕር ዓሣ አንድ ላይ ይኖሩበታል። ውሃው በየቀኑ ሞልቶ የሚጎድል አይደለም። ድንጋዩ ደግሞ ግራጫና ሮዝ ግራናይት ነው። በበረዶ ዘመን ወፍራም ግግር ላዩ ላይ ተንሸራቶ አለስልሶታል። ባዶ እግር ለመቀመጥም ለመተኛትም የሚመች ዳርቻ የሆነው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ክብደት ከተነሳለት ወዲህ መሬቱ ዛሬም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይነሳል። በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሺህ ዓመት ግን አዲስ ደሴት ይወልዳል።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልበል። እዚያ «ክረምት» ስንል ዝናቡን ሳይሆን ብርዱን ነው፤ ግራ እንዳያጋባ የብርዱ ወራትና የሙቀቱ ወራት እያልኩ እቀጥላለሁ። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ትወጣና የምትጠልቀው ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ከጠለቀችም በኋላ ሰማዩ በደንብ አይጨልምም። በታኅሣሥ ግን ቀኑ 6 ሰዓት እንኳ አይሞላም። የደሴቶቹ ሕይወት በሙሉ በዚህ ልዩነት የተቃኘ ነው። አብዛኞቹ ጀልባዎች ከግንቦት እስከ መስከረም ብቻ ይሠራሉ።

መነሻው ካውፓቶሪ ነው፤ በወደቡ አፍ ያለው የገበያ አደባባይ። ድንኳኖቹ ስር ድንችና የተጠበሰ ትንሽ ዓሣ፣ በወቅቱ ደግሞ አተርና እንጆሪ ይሸጣል። «ሲላካ» የሚባለው የባልቲክ ዓሣ የራሱ ገበያ አለው። በየጥቅምቱ ዓሣ አጥማጆች ከየደሴቱ በጀልባ እየመጡ፣ ጀልባቸውን ዳር አስይዘው ከዚያው ላይ ይሸጣሉ። ይህ ገበያ ከ1743 ጀምሮ ይታወቃል። ጥቁር የአጃ ዳቦና በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ሲላካ አንድ ላይ መቅመስ ነው የሚሻለው፤ ለየብቻ ሲሆኑ ጣዕሙ አይገባም።

ከአደባባዩ ወደ ሱኦመንሊና የምትሄደው ጀልባ የከተማው ትራንስፖርት አካል ናት። በትራም የተሳፈሩበት ትኬት ጊዜው ካላለፈ ለእሷም ይሠራል። እኔ ስለዚህች ከተማ በጣም የምወደው ይህንን ነው። ባሕር ላይ መውጣት የሀብታም መዝናኛ አልተደረገም። ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ ገና ትናንት የመጣው ስደተኛም በዚያው ትኬት ይሳፈራል። ጀልባዋ ዓመቱን ሙሉ ትመላለሳለች። ባሕሩ በረዶ ሲሆንም እየሰነጠቀችው ትሄዳለች። መንገዱ ሩብ ሰዓት ያህል ነው።

ሱኦመንሊና ማለት «የፊንላንድ ምሽግ» ማለት ነው። ስሙ አዲስ ነው፤ የወጣለት በ1918፣ ፊንላንድ ነፃ በወጣች ማግስት ነው። ከዚያ በፊት ስዊድኖች ስቬቦርግ፣ ፊንላንዶች ቪያፖሪ ይሉት ነበር። ግንባታው የተጀመረው በ1748 ነው። በዚያ ጊዜ ፊንላንድ የስዊድን ግዛት ነበረች፤ ሩሲያ ደግሞ በምሥራቅ እየገፋች ነበር። አውጉስቲን ኤረንስቬርድ የተባለ መኮንን ደሴቶቹን በግንብ አያይዞ አንድ ምሽግ እንዲያደርግ ታዘዘ። በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች ለአሥርት ዓመታት ድንጋይ ሲፈልጡ ኖሩ። ሥራው ለትንሿ ከተማ የማይታሰብ ገንዘብና ሰው አመጣላት። ኤረንስቬርድ ዛሬ እዚያው ግቢ መሃል ተቀብሯል። ንጉሡ አዶልፍ ፍሬድሪክ በ1752 ግንባታውን ሊያይ ሲመጣ መርከቡ የቆመበት ቦታ ላይም ትልቅ በር ተሠራ። «የንጉሥ በር» ይባላል። ከባሕሩ በኩል ሰፊ ደረጃ ይወጣበታል።

ይህ ሁሉ ግንብ ግን በተፈለገበት ሰዓት አልተዋጋም። በ1808 የሩሲያ ጦር በረዶ በሆነው ባሕር ላይ እየተራመደ መጥቶ ከበበው። ውስጥ ብዙ ሺህ ወታደር፣ ብዙ መድፍና ብዙ መርከብ ነበር። አዛዡ ካርል ኦሎፍ ክሮንስቴት ግን ከሩሲያዎቹ ጋር ውል ገባ። እስከ ግንቦት 3 ከስዊድን ረዳት መርከቦች ካልመጡ ምሽጉን አስረክባለሁ አለ። ባሕሩ ገና በረዶ ነው፤ መርከብ ከየት ይመጣል? ቀኑ ደረሰ፤ ማንም አልመጣም፤ ምሽጉ ተሰጠ። በዓመቱ ስዊድን ፊንላንድን በሙሉ አጣች። ክሮንስቴት ለምን እንዲህ አደረገ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከሃዲ የሚሉት አሉ፤ ቤተሰቦች የተጠለሉበትን ምሽግ ከደም አዳነ የሚሉም አሉ።

ሩሲያዎች ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩበት። በ1855፣ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች ለሁለት ቀን በመድፍ ደበደቡት። የከተማው ሰው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ቃጠሎውን ሲያይ ነበር። ከ1918ቱ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ደግሞ የተሸነፉት «ቀዮቹ»፣ ማለትም የግራው ወገን ተዋጊዎች፣ እዚህ ታሰሩ። ብዙዎቹ በረሃብና በበሽታ አለቁ። ሳሩ ላይ ሽርሽር የሚወጣ ሰው ይህን ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

በ1973 ምሽጉ ከጦሩ እጅ ወጥቶ ለሲቪል አስተዳደር ተሰጠ። በ1991 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። ዛሬ ሙዚየም ብቻ አይደለም። ወደ 800 ሰው ይኖርበታል። ሱቅና ቤተ መጻሕፍት አለው። የጥንቱ የመርከብ መጠገኛ ጉድጓድ ዛሬም የእንጨት መርከብ ይጠገንበታል። ቀላል ማረሚያ ቤትም አለ፤ ታራሚዎቹ ግንቡን በመጠገን ይሳተፋሉ። ከባሕሩ ስር ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና የሚያገለግል ዋሻ አለ፤ ሌላው ሰው ሁሉ በጀልባ ነው። ቬሲኮ የተባለችው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከብ ዳርቻው ላይ ተቀምጣ ትጎበኛለች። ውስጧ ስትገቡ ያን ያህል ሰው እንዴት ኖረባት ትላላችሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ለብቻው መነገር አለበት። በ1850ዎቹ ለሩሲያ ወታደሮች ኦርቶዶክስ ሆኖ ተሠራ። ከነፃነት በኋላ የሉተራን ሆነና በ1920ዎቹ ጉልላቶቹ ፈረሱ። አጥሩ መሬት ውስጥ ተዘቅዝቀው የተተከሉ መድፎች ናቸው፤ በሰንሰለት ተያይዘዋል። ማማው ላይ ደግሞ ለመርከቦች የሚያበራ መብራት አለ። አራት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ብልጭ ይላል። በሞርስ፣ ማለትም ፊደልን በአጭርና በረጅም ምልክት በሚገልጸው ዘዴ፣ «ኤች» የሚለው ፊደል ነው፤ የሄልሲንኪ መነሻ ፊደል።

ከሱኦመንሊና ቀጥሎ፣ ጠባብ ውሃ ተሻግሮ፣ ቫሊሳሪ አለ። ሁለቱ ጎረቤቶች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ቫሊሳሪ ለብዙ ዘመን የጦር መሣሪያ መጋዘን ስለነበር ለሕዝብ ዝግ ነበር። በ1937 እዚያ የተከማቸ ጥይትና ፈንጂ ፈንድቶ 12 ሰው ገደለ። ቦታው እስከ ዛሬ «የሞት ሸለቆ» ይባላል። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በ1990ዎቹ ለቀቁ። ከዚያ ለዓመታት ሰው የለበትም። ዛፉ በግንቡ ላይ አደገ፤ የሌሊት ወፍ መጋዘኖቹን ያዘ። ደሴቱ በ2016 ሲከፈት ተመራማሪዎች ከአንድ ሺህ በላይ የቢራቢሮና የእሳት እራት ዝርያ ይኖርበታል ብለው ነበር። ሰው ያልረገጠው መሬት እንዲህ ሆኖ ይጠብቃል። ከተከለለው መንገድ መውጣት ግን ክልክል ነው። ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ስለሚችል ምልክቱን ማክበር ይገባል። በ2021 የሄልሲንኪ ቢየናሌ የተባለው የሥነ ጥበብ ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እዚሁ ነው። ሥዕሉና ቅርጻ ቅርጹ በባሩድ ቤቶቹ ውስጥ ታየ።

ኢሶሳሪም ተመሳሳይ ታሪክ አላት፤ ራቅ ያለች የጦር ደሴት ነበረች፣ በ2017 ተከፈተች። ሎና በጣም ትንሽ ናት፤ በአሥር ደቂቃ ዞራችኋት ታልቃለች። ፒህላያሳሪ አሸዋማ ዳርቻ ስላላት ዋና ለሚወድ ቤተሰብ ናት። ሀራካ የአርቲስቶችና የወፎች ናት። ወደነዚህ የሚሄዱት ጀልባዎች የግል ድርጅቶች ናቸው፤ የከተማው ትኬት አይሠራም።

ጀልባ የማይስማማው ሰው አይቅርበት። ሴውራሳሪ በእንጨት ድልድይ በእግር የሚገባበት ደሴት ነው። ከ1909 ጀምሮ ከመላ አገሪቱ የድሮ ቤቶች ተነቅለው እየመጡ እንደገና ተተክለውበታል፤ የገበሬ ጎጆ፣ ጎተራ፣ የጭስ ሳውና፣ በ1680ዎቹ የተሠራ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን። በሰኔ መገባደጃ ገደማ በሚውለው በዓላቸው ውሃው ዳር ትልቅ እሳት ይነዳል። ደመራን የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢቆም እንግድነት የሚሰማው አይመስለኝም።

ብዙ ጎብኚ የማያውቀው ግን ላማስሳሪ ነው፤ «የበግ ደሴት» ማለት ነው። የቫንታ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት አካባቢ ነው። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ በ1550 ሄልሲንኪን የመሠረታት በዚያ ነበር። ከተማዋ በ1640 ወደ ባሕሩ አፍ ተዛወረች። የመጀመሪያው ቦታ ሸምበቆና ወፍ ሆኖ ቀረ። ወደ ደሴቱ የሚያስገባው የጣውላ መንገድ በሸምበቆው መሃል ይሄዳል። ሸምበቆው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ንፋስ ሲመጣ ሌላ ድምፅ አይሰማም።

ሳውናን ሳይጠቅሱ ስለዚህ ዳርቻ መጻፍ አይቻልም። ዩኔስኮ የፊንላንድን የሳውና ባህል በ2020 መዝግቦታል። ወግ አለው፤ መጀመሪያ ይታጠባሉ፣ ከዚያ ሙቀቱ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ባሕሩ። ትኩሱ ድንጋይ ላይ ውሃ ሲደፋ የሚነሳው እንፋሎት «ሎውሉ» ይባላል። በ2016 በሄርነሳሪ ዳርቻ የተከፈተው ትልቁ የእንጨት ሳውናም ስሙ ይኸው ነው። በጎ ፈቃደኞች ራሳቸው ሠርተው የሚንከባከቡት፣ ቀንና ሌሊት ያለ ክፍያ ክፍት የሆነ ሶምፓሳውና የሚሉትም አለ። በብርዱ ወራት በረዶውን ቀደው በቀዳዳው ውሃ ውስጥ ይነከራሉ። ለጀማሪ ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል። ልብ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

አገሩ «የሁሉም ሰው መብት» የሚል ደንብ አለው። የሌላ ሰው ጫካ ውስጥም ቢሆን መራመድ፣ የዱር ፍሬና እንጉዳይ መልቀም ይፈቀዳል። የሰው ቤት ግቢ አይገባም፤ ዛፍ አይቆረጥም፤ እሳት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነድም። በግንቦትና በሰኔ ወፎች ስለሚፈለፍሉ የሚዘጉ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። ዝይዎቹ ጫጩት ሲይዙ ይቆጣሉ፤ ዞር ብሎ ማለፍ ነው። ረጅም ሳር ውስጥ የገባ ማታ ገላውን ይፈትሽ፤ መዥገሩ በሽታ ያስተላልፋል። በሐምሌና በነሐሴ ውሃው አረንጓዴ ሾርባ መስሎ ከታየ መዋኘት የለም። ከእርሻና ከከተማ የሚፈሰው ንጥረ ነገር የሚያበዛው አልጌ ነው፤ ለልጅም ለውሻም መርዝ ሊሆን ይችላል። ባልቲክ የታመመ ባሕር ነው። እንደዚህ ለሰው ሁሉ የተከፈተ ውሃ እንዲህ መጎዳቱ ያሳዝነኛል።

በሙቀቱ ወራት በካይቮፑይስቶ መናፈሻ በኩል ያለፈ ሰው ባሕሩ ዳር የእንጨት መድረኮች ያያል። ረጃጅም ጠረጴዛዎችና ማድረቂያ እንጨቶች አሉባቸው። ሰዎች ከቤታቸው ምንጣፍ ተሸክመው ይመጣሉ። ከጥድ በተሠራ ሳሙና በብሩሽ ይፈትጉታል፤ ያጥቡታል፤ ይሰቅሉታል። ምንጣፉ በባሕር ንፋስ እስኪደርቅ ቡና ይዘው ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ። ፊት ለፊታቸው የሱኦመንሊና ጀልባ ትመላለሳለች።